የቆጡን አወርድ ብዬ

የዛሬው ወጋችን ከቆጥ ይጀምራል። “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ስተርት ኖሬያለሁ። በእኔ ላይ ይተረትብኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ተተረተብኝ፤ ያውም በገዛ ባለቤቴ፣ ያውም በእውነተኛ ቆጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን አሮጌ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ከላይ ሶሌታ፣ ከሶሌታው በላይ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። በሶሌታውና በቆርቆሮው መካከል ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ባዶ ቦታ ነበረ። ለብዙ ዓመታት የተሰበረ ወንበር፣ የልጆች አሮጌ ደብተርና ማንም የማይፈልገው ግን ማንም የማይጥለው ዕቃ ሁሉ ማከማቻ ሆኖ ኖሯል። እኛ “ቆጡ” ነው የምንለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጄ ልጇን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ቆጡን ክፍል አደረግነው። ዕቃው ወጣ፤ ወለሉ ላይ ጣውላ ተነጠፈ፤ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚከላከል ፎም ገብቶ ኮርኒስ ተመታ፤ በጎኑ መስኮት ተከፈተ፤ ከኮሪደሩ ደረጃ ወጣለት። መብራትም ሶኬትም ገባ። ያማረ ክፍል ሆነ። የልጅ ልጄ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ “የእኛ ቤት ሰማይ ላይ ነው” እያለ ለጓደኞቹ ይናገር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም። የኢንተርኔት ገመድ። ወለሉ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ተበስቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እቤት እያለ አንዲት ቀጭን ቱቦ መቅበር የግማሽ ቀን ሥራ ነበረች። ማናችንም ትዝ አላለንም። ዋይፋይ አለ፣ ዋይፋይ ደግሞ ገመድ አይፈልግም ብለን። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ማለት ይኼኔ ነው።

ልጄ የምትሠራው ውጭ አገር ላለ ድርጅት ነው። የደንበኞችን ጥያቄ በኮምፒውተር ተቀብላ በድምፅም በጽሑፍም ትመልሳለች። እዚያ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ሥራዋ የሚጀምረው እኛ ልንተኛ ስንል ነው። ሞደሙ ያለው ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ እንደ ልብ ነው። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ይቀንሳል፤ ደረጃው ወገብ ላይ መለስ ቀለስ ይላል፤ ቆጡ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ሞደሞች ሁለት ዓይነት ሞገድ ያሰራጫሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ደካማ ነው። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ግን ዝግ ያለ ነው፤ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይም ይጋፋዋል። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ደግሞ ለሁለቱም ጠላት ነው። የእኛ ሶሌታ የዱሮ ሰው የሠራው ስለሆነ ብረቱም ሲሚንቶውም አልተቆጠበበትም።

እናም ልጄ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተሯን ይዛ ሳሎን ትወርዳለች። ልጁ ላይ ብቻውን ይተኛል። እኛ የሁለት ሰዓት ዜና እንደጨረስን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን በጣታችን እየተራመድን ወደ መኝታችን እንሄዳለን። ባለቤቴ ውኃ መጠጣት ብትፈልግ እንኳ ብርጭቆ እንዳይጋጭ ትፈራለች። እንዲህ እያልን ወራት ገፋን።

አንድ ሌሊት ልጁ ባንኖ ተነሣ። እናቱን ፍለጋ በጨለማ ደረጃውን ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ልጄ ከደንበኛ ጋር እየተነጋገረች ነበረች፤ ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ ወርውራ ሮጠች። የማንም እናት የምታደርገው ነው። ድርጅቱ ግን እዚያ ማዶ ሆኖ ደም አያይም፤ የሚያየው ንግግሩ መሐል ላይ መቋረጡን ነው። ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

በነጋታው ቁርስ ላይ፣ “አባዬ፣ ቤት ልከራይ ነው” አለችኝ።

“ምን ጎደለሽና ልጄ?” አልኳት። ያጎደልኩትን እያወቅሁ።

“ምንም አልጎደለም። ግን እንዲህ ሆኜ ሥራዬንም ልጄንም መጠበቅ አልቻልኩም።”

አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ከቤት ሲወጣ ያማል፤ የልጅ ልጅ ሲወጣ ግን ቤቱ ራሱ ይታመማል። እኔም በዚያው ቀን ነገሩን ላስተካክል ተነሣሁ። ያጣደፈኝ ፍቅር ነው፤ ያጠፋሁትም በጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ የዋይፋይ ማጠናከሪያ ገዛሁ። በየሱቁ አለ፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። ወስጄ ቆጡ ላይ ሰካሁት። ሙሉ ምልክት ያሳያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ለካ ማጠናከሪያ የሚያገኘውን ነው የሚያባዛው። ሞገዱ በሌለበት ቦታ ቢሰኩት የሚያባዛው የለውም። መቀመጥ ያለበት ሞገዱ ገና ደህና በሆነበት መሐል መንገድ ላይ ነው። ደረጃው ወገብ ላይ ደግሞ ሶኬት የለም። በኤክስቴንሽን ገመድ አደረስኩት፤ ትንሽ ተሻለ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ርካሽ ማጠናከሪያ በአንድ ሬዲዮ ስለሚቀበልም ስለሚያስተላልፍም ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃ ይሆናል፤ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ግን ድምፁ ይቆራረጣል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይሞቃል። “ሞደሙን ከሳሎን ነቅዬ ደረጃው አጠገብ ባስቀምጠውስ?” አልኩ። ገመዱ ሦስት ሜትር ያህል ትርፍ ነበረው፤ ከሶፋው ጀርባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሶፋውን ሳላነሣ ሳብኩት። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት፤ መጣልኝ። መጣልኝ ስል ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት በራ።

የመብራት ሽቦ መስሎኝ ነበር። የፋይበር ገመድ ውስጡ መዳብ አይደለም፤ ከሰው ፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው። መልእክቱ የሚሄድበት በብርሃን ነው። ከታጠፈ ይደክማል፤ ከተሰበረ ደግሞ እንደ መብራት ሽቦ ጠምዝዘው በፕላስተር አያስሩትም። ክሩን ከክር ጋር አቅልጦ የሚያገናኝ መሣሪያና ባለሙያ ይፈልጋል። ጫፉን በዓይን ማየትም አይገባም፤ ውስጡ የሚሄደው ብርሃን ለዓይን ባይታይም ዓይን ይጎዳል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከሰበርኩት በኋላ ነው።

ጥገና እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። አሁን ቆጡ ላይ ብቻ ሳይሆን ሳሎንም ኢንተርኔት የለም። ልጄ ምንም አልተናገረችኝም። ዝም ብላ የልጇን ልብስ በቦርሳ ከተተችና ጓደኛዋ ቤት ሄደች፤ እዚያ ኢንተርኔት አለ። ባለቤቴ በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና፣ “የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እነዚያ አምስት ሌሊቶች ቴሌቪዥኑን እንደ ልባችን ከፍተን ማየት እንችል ነበር። አልከፈትነውም።

በሦስተኛው ቀን ሰፈራችን ያለ በኔትወርክ ሥራ የሚተዳደር ልጅ ጠራሁ። አባቱን አውቀዋለሁ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ደረጃውን ወጣ ወረደ፣ ከዚያ፣ “ጋሼ፣ ለዚህ ቤት ገመድ ነው መፍትሔው። አንዴ በደንብ ከገባ ስለ ሶሌታው ማሰብ ይቀራል” አለኝ። ደስ እንዲለው ቀደም ብዬ ከመርካቶ የገዛሁትን ገመድ አወጣሁለት። ርካሽ ነበር፤ ኮራሁበት። እሱ ግን በቢላ ጫፉን ላጠና አንዷን ቀጭን ሽቦ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከላይ ቀይ ነበረች፤ ከሥር ነጭ ወጣች።

“አሉሚኒየም ነው ጋሼ፣ መዳብ የተቀባ። እንዲህ ያለው ይሰባበራል፣ ርቀት ላይም ይደክማል። ሙሉ መዳብ መሆን አለበት።”

ስለዚህ ገመድ የምትገዙ ሰዎች፣ ባለሱቁን ፊት ለፊት አስልጣችሁ በቢላ ፋቁት። ውስጡም ውጭውም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሚዛኑም ይናገራል፤ መዳብ ከበድ ይላል። ካርቶኑ ላይ “ካት 5ኢ” ወይም “ካት 6” የሚል ይጻፍበታል። ለመኖሪያ ቤት ሁለቱም በሴኮንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳሉ፤ ይህም ለአብዛኛው ቤት ከሚገባው ኢንተርኔት እጅግ ይበልጣል። እኛ ካት 6 መረጥን፤ የሚፈለገው ከ20 ሜትር አይበልጥም ነበር። ሙሉ ካርቶኑ 305 ሜትር ነው፤ በሜትር የሚሸጥም ስላለ ሙሉውን መግዛት ግድ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ገመዱ በየት በኩል ይውጣ የሚል ነበር። አራት መንገድ አሰብን።

አንደኛው በውጭ ግድግዳ አድርጎ በመስኮት ማስገባት ነው። ቀላል ነው፤ ግን ተራ የቤት ውስጥ ገመድ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ልባሱ ይሰነጣጠቃል። ለውጭ የተሠራው ጥቁር ልባስ ያለው ሌላ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ በክረምት መብረቅ የማያጣት ከተማ ናት። ከቤት ውጭ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ አቅራቢያው መብረቅ በወደቀ ቁጥር ዕቃ የሚያቃጥል ኃይል ሊያስገባ ይችላል። ተውነው።

ሁለተኛው እኔ ያመጣሁት ሐሳብ ነው። ለቆጡ መብራት የገባ ቱቦ አለ፤ በዚያው አብሮ ቢሄድስ? ልጁ ራሱን ነቀነቀ። “ጋሼ፣ 220 ቮልትና የኔትወርክ ገመድ በአንድ ቱቦ አይተኙም።” የመብራቱ ሽቦ ልባስ አንድ ቀን ቢላጥ ኃይሉ በኔትወርክ ገመዱ በኩል ኮምፒውተሩ ጋ፣ ከኮምፒውተሩም ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። የመብራት ሽቦ የሚፈጥረው ጫጫታም የኔትወርኩን መልእክት ያውካል። ጎን ለጎን መሄድ ካለባቸው በየራሳቸው ቱቦ፣ ራቅ ብለው ይሂዱ፤ መተላለፍ ካለባቸው መስቀለኛ ሆነው ይተላለፉ።

ሦስተኛው ሶሌታውን መብሳት ነው። ይቻላል፤ ግን ፑንታው ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ አቧራው አለ፤ ከሁሉ በላይ ባለቤቴ አለች። የመጨረሻ አማራጭ አደረግነው።

አራተኛውን ያስታወሰችው እሷው ናት። “የዱሮው ስልክ በየት ነበር የሚገባው?” አለች።

የዱሮው ስልክ! ከሳሎኑ ጥግ፣ ከቡፌው ጀርባ፣ አራት ማዕዘን የሆነች ክዳን ግድግዳው ላይ አለች። በዱሮ ጊዜ የስልኩ ሽቦ ከመንገዱ ምሰሶ መጥቶ ከጣሪያው ሥር ይገባና በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ወደ ሳሎን ይወርድ ነበር። ስልክ ለማስገባት ተመዝግበን ስንት ዘመን እንደጠበቅን እናንተም ታስታውሳላችሁ። ፋይበሩ ሲገባ የቤት ስልኩ ሞደሙ ላይ ተሰካና አሮጌው ሽቦ ሥራ ፈታ። ቱቦው ግን እዚያው ነበረ።

ክዳኑን ፈታነው። ሁለት ቀጭን ሽቦ ከነአቧራው ወጣ። ችግሩ የላይኛው አፍ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ አናጢዎቹ ጣውላ ሲያነጥፉ ሸፍነውታል። ልጄን ደውዬ ለአንድ ሰዓት የልጅ ልጄን እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጁ ሲመጣ ቆጡ ላይ አውጥቼ ጆሮውን ወለሉ ላይ አስለጠፍኩት። ወጣቱ ከታች የስልኩን ሽቦ ጎተት ለቀቅ ያደርጋል።

“አባባ፣ እዚህ ጋ አይጥ አለ!” ብሎ ጮኸ።

አይጥ አልነበረም። ከአልጋው ራስጌ፣ ከጥጉ አንድ ክንድ ገባ ብሎ ጣውላው ሥር ሽቦው ይንኮሻኮሻል። ጣውላውን ስናነሣ የቱቦው አፍ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት አገኘነው። ወጣቱ ሳይቀር አጨበጨበ። የስድስት ዓመት ጆሮ የሚያክል መሣሪያ የለም።

ሥራው ከዚያ በኋላ እንዲህ ሄደ። መጀመሪያ የዱሮውን ሽቦ አላወጣነውም፤ መሳቢያ አደረግነው። ጫፉ ላይ የአዲሱን ገመድ ጫፍና አንድ ጠንካራ ሲባጎ አስረን፣ ቋጠሮው እንዳይወፍር ሽቦዎቹን አንዱን ከአንዱ ዝቅ ዝቅ አድርገን በፕላስተር ጠቀለልነው። ገመዱ ጫፉ ላይ መሰኪያ ያልተሠራለት ባዶ መሆን አለበት፤ ፋብሪካ መሰኪያ የሠራለት ገመድ በቀጭን ቱቦ አያልፍም። እንዲንሸራተት የልጁን የገላ ፓውደር ነሰነስንበት። አንድ ሰው ከላይ በዝግታ ይስባል፤ አንዱ ከታች እያቃና ያስገባል። በኃይል መሳብ ክልክል ነው፤ 11 ኪሎ ያህል ከሚሆን ጉተታ በላይ ውስጡ የተጠማዘዙት ጥንድ ሽቦዎች ይለጠጣሉ። እኔ ከታች ሆኜ እንዳቃና ተመደብኩ። ለምን ከላይ እንዳላደረጉኝ አልጠየቅሁም።

መሐል ላይ አንድ ቦታ ያዘ። ልቤ ቆመ። ወጣቱ ወደ ኋላ ትንሽ ለቀቅ፣ ገመዱን ዞር፣ እንደገና ሳብ። አለፈ። ሲባጎውን እዚያው ቱቦው ውስጥ ተውነው፤ ነገ ሌላ ገመድ ማስገባት ቢያስፈልግ መሳቢያው ዝግጁ ነው።

ከቱቦው አፍ እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ ገመዱ በፕላስቲክ ትራንኪንግ ግድግዳውን ተከትሎ ሄደ፤ በጣሪያው ቆርቆሮ አጠገብ አላስኬድነውም። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ምጣድ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ገመዱን ያደክማል። ጥግ ላይ ሲደርስ እንደ ወረቀት አልታጠፈም፤ ሰፋ ብሎ ዞረ። ቱቦው ከውጭ የሚገባበት የዱሮ ቀዳዳ ደግሞ በሲሊኮን ተደፈነ፤ ያለዚያ የሐምሌ ዝናብም የሰፈሩ አይጥም በዚያ ይገባሉ። አይጥ የገመድ ልባስ ትወዳለች፤ ቆጥ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

የጫፉን ሥራ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የደነቀኝ እሱ ነው። ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል። መጠማዘዙ ለጌጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ የሚያጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ የሚፈታው ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም። ቀለማቸው ቅደም ተከተል አለው፤ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የልጅ ልጄ ቀለሞቹን እየጠራ ያቀብል ነበር፤ በማግስቱም በቃሉ ይዞት ነበር። እኔ ግን አሁን ራሱ ከወረቀት ነው የገለበጥኩት።

ሁለቱም ጫፍ ላይ ተንጠልጣይ መሰኪያ ሳይሆን የግድግዳ ሶኬት ተደረገ። በግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ገመድ ሽቦው ድፍን ስለሆነ መነቃነቅ አይወድም፤ ተኝቶ ይቅር። የሚነቀነቀው ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው አጭር ለስላሳ ገመድ ይሁን። ልጅ ረግጦት ቢበጠስ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

መፈተሻው ሲሰካ ከስምንቱ መብራት ሰባቱ በሩ። ሰባተኛዋ ሽቦ አልበራችም። ወጣቱ ነገረኝ፣ “ጋሼ፣ እንዲህም ሆኖ ይሠራል። በአራት ሽቦ 100 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ የእርስዎ ኢንተርኔት ከዚያ አይበልጥም፤ ማንም አያውቅም።” ከዚያ መልሶ ፈታውና እንደገና ሠራው። ስምንቱም በሩ። ማንም የማያውቀውን ጉድለት የሚያርም ሠራተኛ ስታገኙ ስልኩን መዝግባችሁ ያዙ።

በመጨረሻ ቆጡ ላይ አክሰስ ፖይንት የሚባል ትንሽ ዕቃ ተሰካ። ከገመዱ ኢንተርኔቱን ተቀብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ዋይፋይ ያሰራጫል። ከማጠናከሪያ የሚለየው ይኼ ነው፤ የደከመ ሞገድ አያባዛም፣ ሙሉውን በገመድ ያገኛል። የልጄ ኮምፒውተር ግን ዋይፋይ አይጠቀምም፤ በቀጥታ ከገመዱ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞደሙና አክሰስ ፖይንቱ እንዳይሞቱ ለሁለቱም አንዳንድ ትናንሽ ባትሪ ተገዛ፤ ኮምፒውተሩ የራሱ ባትሪ አለው። ባትሪ የምትገዙ ቮልቱ ከዕቃው ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ እዩ፤ ዕቃው ጀርባ ላይ ተጽፏል።

አንድ ያላሰብነው ጥቅምም ተገኘ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቆጡ ዋይፋይ ይጠፋል። ጡባዊው ይተኛል፤ የልጅ ልጄም አብሮት። እናቱ ግን በገመዱ ሥራዋን ትቀጥላለች። ቀድሞ “ዋይፋዩን አጥፊ” ቢባል ሥራዋም ይጠፋ ነበር። ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህን አስቡበት፤ የሰዓት ገደብ የሚከበረው ለትልልቆቹ ሥራ እንቅፋት ሳይሆን ሲቀር ነው።

ቤት የምትሠሩ ወይም የምታድሱ ሁሉ፣ የኮርኒሱ ሚስማር ሳይመታ በየክፍሉ 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ቱቦ ከነሲባጎው አስቀብሩ። ገመዱ ቀርቶ ቱቦው ብቻ ይግባ። የቱቦውን አፍ ፎቶ አንሡና የት እንዳለ ጻፉ። የቆየ ቤት ያላችሁ ደግሞ ሶሌታ ከመብሳታችሁ በፊት የዱሮውን ስልክ መንገድ ፈልጉ። በቱቦው ያለውን ሽቦ ከመጎተታችሁ በፊት ግን ሥራ የፈታ መሆኑን አረጋግጡ። የፋይበር ክር ከሆነ፣ እባካችሁ ከእኔ ተማሩ፤ አትንኩት።

ፋይበሩ ተጠግኖ ሁሉ ነገር የተገጠመው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጄ ከነልጇ መጣች። አልነገርናትም ነበር፤ ልጁ ነው በሩ ላይ ያፈነዳው። ወጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ገመዱን ሰካች። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ከደንበኛ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ይሰማኛል፤ አይቆራረጥም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

“አባዬ፣ ምን ትሠራለህ ጨለማ ውስጥ?”

“ምንም። ደረጃው ላይ መብራት እንደሚያስፈልግ እያየሁ ነው” አልኳት። እውነትም ያስፈልገው ነበር፤ በማግስቱ አስገባሁለት።

ስለ ኪራይ ቤቱ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ትሄድ ይሆናል፤ ልጅ የራሱን ጎጆ መውጣቱ የወግ ነው፤ እኔም መርቄ ነው የምሸኛት። ሶሌታ አባሯት እንዳትሄድ ግን የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ባለቤቴም ተረቱን ትታዋለች፤ ሞደሙ አጠገብ ሳልፍ ብቻ ነው ሳል የምታደርገው።

ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።